ዜሮ ብሎ የጻፈው ቡድን

ባለፈው ታኅሣሥ ከስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ የተቀበልኳቸው የሠንጠረዥ ወረቀቶች እስካሁን ከቦርሳዬ አልወጡም። ሥራው ቀላል ነበር። ተማሪዎቹ በቡድን ተከፋፍለው በትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ እያንዳንዱ ጎኑ 25 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ ደግሞ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ የወጣውን አፈር በተተረተረ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ዘርግተው በእጃቸው እየፈረፈሩ ይፈትሻሉ፤ ያገኙትን የመሬት ትል ቆጥረው ይመዘግባሉ። ወረቀቶቹ ሲሰበሰቡ አንዱ ቡድን 5፣ ሌላው 3፣ ሌላው ደግሞ 7 ትል ማግኘቱን ጽፏል። አንድ ቡድን ብቻ፣ ላጥፋው ወይስ ልተወው በሚያሰኝ ፈዛዛ እርሳስ፣ 0 ብሎ አስፍሯል።

እኔ ቁፋሮው ሲካሄድ ከጉድጓድ ጉድጓድ እየተዘዋወርኩ ነበር። ከአንዱም ትል ሲወጣ አላየሁም።

ተማሪ መልስ ሲገለብጥ መያዝ ለመምህር ብርቅ አይደለም፤ ለዚያ የሚሆን ተግሣጽ ሁላችንም አዘጋጅተን እንጠብቃለን። ይህኛው ግን ከዚያ የተለየ ሆኖብኝ ከረመ። ቁጥሮቹ የተለያዩ ስለሆኑ ልጆቹ እርስ በርስ አልተኮራረጁም። ማርክ የሚያዝበት ሥራ ስላልነበረም ዜሮ ብሎ በመጻፍ የሚያጡት ነገር አልነበረም። ታዲያ ያላዩትን ትል ምን አስቆጠራቸው?

## «መጽሐፉ ላይ አለ እኮ»

በማግስቱ ወረቀቶቹን ሳልመልስ፣ የማን እንደሆኑም ሳልናገር፣ ቁጥሮቹን ብቻ ሰሌዳ ላይ በተርታ ጻፍኳቸውና አንድ ስሌት አብረን እንድንሠራ ጠየቅኩ። ጎኑ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካሬ የአንድ ካሬ ሜትር አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው። ስለዚህ በአንዱ ጉድጓድ 5 ትል ተገኘ ከተባለ በካሬ ሜትር 80 ትል አለ ማለት ነው፤ አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ስለሆነም በሄክታር 800,000 ትል ይኖራል ማለት ነው። ቁጥሩ ሰሌዳው ላይ ሲወጣ ክፍሉ ተንጫጫ። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «ቲቸር፣ ግቢያችን ውስጥ ይህን ያህል ትል ካለማ ኳስ የምንጫወተው ትል ላይ ነዋ» ብሎ አሳቀን።

ሳቁ ሲበርድ፣ ከትናንቱ ቁፋሮ በፊት የመሬት ትል በዓይኑ ያየ እጁን እንዲያወጣ ጠየቅኩ። ከሃምሳ ተማሪዎች መካከል እጃቸውን ያወጡት ጥቂት ናቸው፤ እነሱም አብዛኞቹ ክፍለ ሀገር አያቶቻቸው ዘንድ ክረምትን ያሳለፉ ናቸው። የቀሩት ትሉን የሚያውቁት በመጽሐፋቸው ካለው ሥዕል ነው። ይህንን ስሰማ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት ትዝ አለኝ፤ እነዚህ ልጆች ቁጭ ብለው የሚማሩበት ቦታ የዛሬ ጥቂት ዓመት ጤፍ ይታጨድበት የነበረ ማሳ ነው።

ነገሩን ሁሉ የቀየረብኝ ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። ዜሮ ብሎ ከጻፈው ቡድን አንዲት ልጅ ተነሥታ፣ ጥፋተኛ በሆነ ድምፅ፣ «ቲቸር፣ እኛ ያላገኘነው በደንብ ስላልፈለግን ነው?» አለች። መልስ ከመስጠቴ በፊት 5 ከጻፈው ቡድን አንድ ልጅ ሊያጽናናት ፈልጎ ተናገረ። «እኛም እኮ አላየንም። ግን መጽሐፉ ላይ አለ እኮ፤ አፈር ውስጥ ይኖራል ይላል። እኛ ቸኩለን ነው እንጂ መኖሩ አይቀርም ብለን ነው የጻፍነው።»

ልጁ ይህንን ሲናገር የመሸማቀቅ ምልክት አልታየበትም። የዋሸ አልመሰለውማ! እርሱ ያደረገው፣ በራሱ ሚዛን፣ የዓይኑን ስህተት በመጽሐፉ ማረም ነው። መጽሐፍ፣ መምህርና ታላቅ አይሳሳቱም ተብሎ ያደገ ልጅ፣ ከእነርሱ ቃል ጋር የማይስማማ ነገር ሲያይ መጀመሪያ የሚጠረጥረው የራሱን ዓይን ነው። ይህ ደግሞ ሥነ ሥርዓት ያለው ልጅ ምልክት ተደርጎ በየቤታችን የሚመሰገን ጠባይ ነው፤ እኔም ያደግኩት እንደዚያው ነው። ለአፈሩ የጻፈው መልስ ሐሰት ቢሆንም ለእኛ ለታላቆቹ ግን የታማኝነት መልስ ነበር፤ እኛ እንዲያገኝ የምንፈልገውን አገኘ።

ልጅቷ ደግሞ ትክክለኛውን መረጃ ይዛ ይቅርታ የምትጠይቅ ሆናለች። እኔን ያስጨነቀኝ ከልጁ ይልቅ የእርሷ ነገር ነው። የፈጠረው ቡድን በልበ ሙሉነት ተቀምጦ፣ ያየውን የመዘገበው ቡድን አንገቱን የሚደፋበት ክፍል ውስጥ ሳይንስ እየተማርን ነው ማለት ይከብዳል፤ እየተማርን ያለነው ንባብ ነው። ንባብ ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን ለንባብ ዶማና አካፋ አያስፈልገውም።

## ባዶው ጉድጓድ ሲመረመር

ከዚያ በኋላ የመጽሐፉን ቀጣይ ገጽ ለጊዜው ትተን ይህችን ዜሮ ይዘን ተቀመጥን። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ጉድጓዱ ባዶ ሊሆን የቻለባቸውን ምክንያቶች ልጆቹ ራሳቸው እንዲያወጡ ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ የመጣው «ትል እዚህ አይኖርም» የሚል አንድ መልስ ብቻ ነበር። እያደረ ግን ዜሮዋ ብዙ ነገር የምትናገር ሆና ተገኘች።

አንደኛው ነገር ወቅቱ ነው። የመሬት ትል ሳንባ የለውም፤ የሚተነፍሰው በቆዳው ነው፤ ቆዳው ኦክስጅን ሊያስገባ የሚችለው ደግሞ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው። አፈር ሲደርቅ ብዙ የትል ዝርያዎች ወደ ታች ይወርዱና ከሰውነታቸው በሚወጣ ዝልግልግ ፈሳሽ በተለሰነች ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ እንደ ቋጠሮ ተጠቅልለው ዝናብ እስኪመጣ ይቆያሉ። ታኅሣሥ ላይ የላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አፈር ክው ብሎ ደርቋል። ስለዚህ ዜሮዋ «የለም» ከማለቷ በፊት «አሁን፣ እስከዚህ ጥልቀት ድረስ፣ የለም» ማለቷ ነው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚገርመኝን ነገር ልጥቀስ። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ አፈር ከሁሉ ይልቅ ሕይወት የሚኖረው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ደግሞ በትክክል ያኔ ነው። ልጆቹ በመስከረም ሲመለሱ ምድሩ ገና እርጥብ ነው፤ ነገር ግን መስከረም በምዝገባና በመጽሐፍ እደላ ያልቃል። ስለ አፈር የሚናገረው ትምህርት በገጽ ቅደም ተከተል እየተጎተተ ሲደርስ በጋው ገብቶ ትሎቹ ተኝተዋል። ይህንን ለማስተካከል በጀት አያስፈልግም፤ ምዕራፍ ማዘዋወር ብቻ ይበቃል።

ሁለተኛውን ምክንያት ያመጣልን የትምህርት ቤታችን ጥበቃ ናቸው። ልጆቹ አባባ ይሏቸዋል። ትምህርት ቤቱ ከመሠራቱ በፊት እዚሁ አካባቢ ያርሱ የነበሩ ሰው ናቸው። ግቢው ውስጥ እንደገና ስንቆፍር አይተው ዱላቸውን ተደግፈው መጡና ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ሲመለከቱን ቆዩ። ከዚያም «ልጆቼ፣ እዚህ ውስጥ ምን ትፈልጋላችሁ? ይህ ገረጋንቲ ነው። የእኛ አፈር በሲኖትራክ ተጭኖ ሄዷል» አሉ።

ጎንበስ ብለው ከጉድጓዱ አንድ እፍኝ አነሡና በጣታቸው አሹት። ቀይ አሸዋማ ጠጠር ነው፤ ሲጨብጡት አይያያዝም፣ ሲለቁት ይበተናል። ከዚያ ወደ አጥሩ ጥግ፣ ቦዩ አጠገብ ወዳለችው ያልተነካች ጠባብ ቦታ ወሰዱንና ከዚያ ጥቁር ጓል አነሡ። ልጆቹ ውኃ እየጨመሩ እንዲያሹት አደረጉ። ጥቁሩ አፈር በመዳፋቸው ላይ ተጣበቀ፤ በሁለት መዳፍ መካከል ሲያንከባልሉት እንደ ገመድ ረዘመ፤ ቀለበት ሆኖ ሲጠመዘዝም አልተሰነጠቀም። አንዷ ልጅ የእጅ አምባር ሠርታ አጠለቀችው። ያለ ምንም የላቦራቶሪ ዕቃ የሸክላነት መጠኑን ፈተኑት ማለት ነው፤ የአፈር ባለሙያም ሜዳ ላይ ሲሆን የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ይህ ጥቁር አፈር በአማርኛ መረሬ፣ በአካባቢው ኦሮምኛ ኮቲቻ የሚባለው ነው። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ ያሉት የአቃቂ ሜዳ፣ የቱሉ ዲምቱና የኮዬ ፈጬ አካባቢ በአብዛኛው በእርሱ የተሸፈነ ነው። ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር ሸክላ ስለሚበዛበት በክረምት ውኃ ይተኛበታል፣ በበጋ ደግሞ ይሰነጣጠቃል። ገበሬው ጠባዩን ስለሚያውቅ ክረምቱ ሲወጣ፣ አፈሩ በያዘው እርጥበት ብቻ፣ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። ለሕንፃ መሐንዲስ ግን ያው አፈር ራስ ምታት ነው፤ የሚያብጥና የሚኮማተር መሬት ላይ የቆመ ግድግዳ ይሰነጠቃልና። ስለዚህ ግንባታ ሲጀመር ጥቁሩ አፈር ተዝቆ ይወጣል፣ በምትኩ ገረጋንቲ ይሞላል፣ በሮለር ይጠቀጠቃል። መሐንዲሱ ትክክል ነው፤ ሃምሳ ልጆች የሚቀመጡበት ክፍል መሰንጠቅ የለበትም። ሆኖም የግቢውን ሜዳ፣ ምንም ነገር የማይቆምበትን ቦታ ጭምር፣ እስከ አጥሩ ድረስ በገረጋንቲ መሙላት ለምን እንዳስፈለገ እስካሁን አልገባኝም። በገረጋንቲ ውስጥ የበሰበሰ ቅጠል የለም፣ ሥር የለም፣ ፍግ የለም፤ ትል የሚበላው ነገር ስለሌለ ክረምት ቢመጣም ጉድጓዱ ባዶ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

አባባ አንድ ሌላ ነገርም አስተማሩን። በጋ ላይ የመረሬ ንቃቃት የጥጃ እግር ይውጣል አሉ። ያ ንቃቃት ነገር አለው፤ ከላይ ያለው አፈርና ገለባ በነፋስና በከብት ኮቴ እየተገፋ ወደ ስንጥቁ ይገባል፣ ክረምት ሲመጣ መሬቱ አብጦ ይገጥማል፣ ከታች የነበረው ወደ ላይ ይገፋል። ጥቁር አፈር ራሱን በራሱ ይገለብጣል ማለት ነው። በመጽሐፋችን «አፈርን የሚያገላብጠው የመሬት ትል ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር በዚህ አካባቢ ሌላ ተጋሪ አለው። ይህንን ማንም ፈተና ላይ አይጠይቅም፤ ልጆቹ ግን ከዚያ ዕለት ወዲህ የትም ንቃቃት ሲያዩ ቆመው ወደ ውስጥ ይመለከታሉ።

ሦስተኛው ምክንያት የእኛው አቆፋፈር ነው። ወደ ታች ቀጥ ያለ ዋሻ ሠርተው የሚኖሩ ትሎች አሉ፤ ንዝረት ሲሰማቸው በፍጥነት ወደ ጥልቁ ይሸሻሉ። ሃምሳ ልጅ እየሮጠ መጥቶ በዶማ ሲቆፍር የማይሰማ ንዝረት የለም። በእጅ መፍተሽ ላይኛው አፈር ውስጥ ለሚኖሩት ይሠራል፤ ለእነዚያ ግን ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል፤ ዘዴውም ከቤታችን ጓዳ የማይጠፋ ነው።

## ሰናፍጭ

የሰናፍጭ ውኃ አፈር ላይ ማፍሰስ ትል ቆጣሪ ተመራማሪዎች በብዙ አገር የሚጠቀሙበት መንገድ ነው። ሰናፍጭ ተፈጭቶ ከውኃ ጋር ሲገናኝ አፍንጫችንን የሚሰነፍጠው ንጥረ ነገር ይፈጠራል፤ ያ ንጥረ ነገር ውኃውን ተከትሎ በዋሻዎቹ ይወርድና የትሉን እርጥብ ቆዳ ይቆጠቁጠዋል፤ ትሉም ሸሽቶ ወደ ላይ ይወጣል። ዐቢይ ጾም ገብቶ ስለነበር ሰናፍጭ ከየቤቱ ለማምጣት ማንም አልተቸገረም። ችግሩ አንዳንዶቹ ጨውና ዘይት ገብቶበት ለመብል የተዘጋጀውን ይዘው መምጣታቸው ነው። ጨው የትሉን ውኃ መጥጦ ይገድለዋልና ያንን ለምሳችን አስቀመጥነውና የደረቀውን ዱቄት በሊትር 10 ግራም ገደማ በውኃ በጠበጥን።

የሄድነው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዳለ አንድ ጓሮ ነው። ባለቤቷ ላሞች ያሏቸው እናት ናቸው፤ ከበረቱ የሚወጣውን ፍግ ቆስጣና ድንች ላይ ይደፋሉ፤ በበጋም በጉድጓድ ውኃ ያጠጣሉ። ባልዲያችንን ሲያዩና ዓላማችንን ሲሰሙ «ይህን ሁሉ ሰናፍጭ መሬት ላይ ከምታፈሱት በሽሮ ብትበሉት አይሻልም?» አሉ፤ ሆኖም ፈቀዱልን።

ውኃው ሲፈስ ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ ከቆስጣው ሥር አፈሩ ፈርከስ አለና ሐምራዊ የሚመስል ቀጭን ጫፍ ብቅ አለ፤ ወዲያና ወዲህ አየሩን እንደሚዳስስ ሆኖ ተወዛወዘና ሙሉ አካሉ እየተሳበ ወጣ። ሌላው ተከተለ፤ ከዚያም ሌላው። ከኋላ የነበሩት ልጆች ወደ ፊት ሲገፉ ከፊት የነበሩት ወደ ኋላ ሲሸሹ ባልዲው ሊደፋ ነበር። እያነሣን ቆዳቸውን የሚቆጠቁጠውን ሰናፍጭ በንጹሕ ውኃ አጠብንላቸውና እርጥብ አፈር ወዳለበት ሳህን አስገባናቸው። አንገታቸው አካባቢ ኮርቻ የመሰለ ወፍራም ቀለበት ያላቸውና የሌላቸው ነበሩ፤ ኮርቻው ያላቸው ለመራባት የደረሱት ናቸው። ትል ወንድና ሴት ተብሎ የማይለይ፣ እያንዳንዱ ሁለቱንም የያዘ መሆኑን ስነግራቸው የሆነውን ሁካታ ለመምህራን አንባቢዎቼ መግለጽ አያስፈልገኝም። አንዱ ልጅ ለሁለት ሲቆረጥ ሁለት ትል ይሆናል መባሉ እውነት እንደሆነ ጠየቀ። አይሆንም፤ እንደ ዝርያውና እንደ ተቆረጠበት ቦታ የጭንቅላቱ ወገን ጭራ መልሶ ሊያበቅል ይችላል፣ የጭራው ወገን ግን በአብዛኛው ይሞታል። ማንም እንዲሞክረው አልፈቀድኩም።

ከሁሉ በላይ ልጆቹን የማረካቸው በደረቅ ወረቀት የተደረገው ነው። አንድ ትል ደብተር ወረቀት ላይ አስቀመጥንና ሁሉም ጆሯቸውን አቅርበው እንዲያዳምጡ አደረግኩ። ትሉ ሲሳብ ወረቀቱ በጣም ቀጭን የሆነ የመቧጠጥ ድምፅ ያሰማል። ለስላሳ የሚመስለው ሰውነቱ በእያንዳንዱ ቀለበት ላይ ዓይን የማያያቸው ጠንካራ ጠጉሮች አሉት፤ አፈር ቆንጥጦ የሚይዘው በእነርሱ ነው። ከዚያች ዜሮ ጋር የተነሣችው ልጅ ከሁሉ ቀድማ ሰማችው። «ይቧጥጣል» አለች። ይህ በመጽሐፉ ውስጥ የለም፤ እርሷም መጽሐፉን አልጠቀሰችም።

በዚያ ሰሞን ስለ እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ስለ ቻርልስ ዳርዊን ነገርኳቸው። የሰዎች የዘር ሐረግ ክርክር ውስጥ ሳልገባ፣ ስለ ትል ያደረገውን ብቻ። እ.ኤ.አ. በ1842 መሬት ላይ የተሰባበረ ጠመኔ በተነ፤ በ1871፣ ማለትም ከ29 ዓመት በኋላ፣ ቦታውን ቆፍሮ ጠመኔው 18 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወርዶ አገኘው። ትሎች ከሥር እየበሉ ከላይ የሚያስወጡት አፈር ነው የቀበረው። ጠመኔ በእጄ ይዤ ስለነበር ለመናገር አመቸኝ። ትሎች ይሰሙ እንደሆነ ለማወቅም የዳርዊን ልጅ ባሱን የተባለውን የትንፋሽ መሣሪያ አጠገባቸው ሲነፋ ምንም አልመሰላቸውም፤ ያሉበት ማሰሮ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ ፒያኖው ሲመታ ግን ወደ ዋሻቸው ገቡ። ድምፁን አይሰሙም፣ ንዝረቱን ግን ያውቃሉ። እኛ ፒያኖ ስለሌለን ትሉ ያለበትን የማር ጠርሙስ ዴስክ ላይ አስቀመጥንና ክፍሉ በሙሉ ጮኸ፤ ትሉ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ዴስኩን በጣት ኳ ስናደርገው ጭንቅላቱን ሰበሰበ። ከጎን ያለው ክፍል መምህር መጥተው ምን እንደሆንን ጠየቁ።

ስለ ዳርዊን ሳወራ ልጆቹ የጠየቁት የገረመኝ ጥያቄ «29 ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ላይ አያነበውም ነበር?» የሚል ነው። የሚያነበው መጽሐፍ አልነበረም። ስለ ትሎችና ስለ አፈር ያሳተመው እርሱ ራሱ ነው፤ ያውም እ.ኤ.አ. በ1881፣ ሊሞት ወራት ሲቀሩት።

## «የገበሬ ወዳጅ»

መጽሐፋችን የመሬት ትልን የገበሬ ወዳጅ ይለዋል። በጥቅሉ እውነት ነው፤ ዋሻው ውኃና አየር ያስገባል፣ ከሆዱ የሚወጣው አፈር ለተክል የሚመች ምግብ ይይዛል። ነገር ግን ወዳጅነት ቦታ አለው። በሰሜን አሜሪካ ከ10,000 ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ በፊት በግግር በረዶ ተሸፍኖ በነበረ መሬት ላይ ያሉ ደኖች የራሳቸው የመሬት ትል ሳይኖራቸው ያደጉ ናቸው። ከአውሮፓ ሰፋሪዎች ጋር የገቡት ትሎች የደኑን ወፍራም የቅጠል ምንጣፍ እየበሉ ስለጨረሱት በዚያ ላይ ይበቅሉ የነበሩ ችግኞችና አበቦች ተጎድተዋል። ያው ፍጡር በአንዱ ቦታ ወዳጅ፣ በሌላው ቦታ አጥፊ ሆነ። ልጆቹ ይህንን ሲሰሙ አልተደናገሩም፤ እንዲያውም «የትኛው ቦታ?» ብሎ መጠየቅ ለመዱ።

የእኛን ቦታ ስንጠይቅ ደግሞ የመጣው መልስ ከትሉ ይልቅ ስለ እኛ የሚናገር ሆነ። በሰናፍጩ ጓሮ ትል የተገኘው ፍግ ስላለ ነው። በቀረው ሰፈር ፍግ የት ይሄዳል? ኩበት ይሆናል። በየአጥሩ ሥር ተከምሮ የምናየው፣ እንጀራ የሚጋገርበት ኩበት የአፈሩ ምሳ ነበር። ይህን ስናገር አንድ ልጅ «እናቴ የምትሸጠው እኮ እርሱን ነው» አለ። ክፍሉ እርሱን ትቶ እኔን አየኝ። እናቱ ለአፈሩ የማያስቡ ሰው ናቸው የሚል ትርጉም እንዳይወጣበት ፈራሁ፤ ምክንያቱም ያ ልጅ ደብተር የሚገዛው በዚያ ብር ነው፤ ኤሌክትሪክ በሚጠፋበት ሰፈር ምጣድ የሚሞቀውም በእርሱ ነው። ስለዚህ ስሌት ሠራን፤ ማገዶ ከየት ሊመጣ ይችላል፣ አመዱ ወደ ማሳ ቢመለስ የትኛው ምግብ ይመለሳል፣ የትኛው በጭስ ይሄዳል። አመድ ፖታሲየም ያስቀራል፤ ናይትሮጅኑና ትል የሚበላው ብስባሽ ግን ተቃጥሏል። መፍትሔ አላገኘንም፤ ችግሩ ግን በትክክለኛ ስሙ ተጠራ።

የትምህርት ክፍል ተጠሪያችን ይህን ሁሉ ሲሰሙ የሰነዘሩት ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ ልጻፈው። የስድስተኛ ክፍል ፈተና ለሁሉም አንድ ነው፤ «የመሬት ትል ለአፈር የሚሰጠውን ጥቅም ምረጥ» ተብሎ ሲመጣ «እንደ ቦታው ይለያያል» የሚል ምርጫ አይኖርም፤ ልጆቹን ግራ አጋብተህ ማርክ ታሳጣቸዋለህ አሉኝ። ልጆቹ ግን ሁለቱን ለይተው ማወቅ አላቃታቸውም። «አፈርን ያናፍሳል» የሚለውን ያጠቆራሉ፤ እርሱም እውነት ነው። እኔ በበኩሌ በክፍል ፈተናዬ ላይ አንድ ጥያቄ ጨመርኩ፤ «በታኅሣሥ ወር እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቆፍሮ አንድም ትል ያላገኘ ሰው በዚህ ቦታ ትል የለም ብሎ መደምደም ይችላል ወይ? ምክንያትህን ጻፍ።» ለዚህ ጥያቄ አንድ የተዘጋጀ መልስ ስላልነበረኝ እርማቱ ሁለት እጥፍ ጊዜ ወሰደብኝ። ከመልሶቹ ውስጥ ወቅቱን ያነሡ፣ ጥልቀቱን ያነሡ፣ ገረጋንቲውን ያነሡ አሉ። 5 ብሎ ጽፎ የነበረው ልጅ «አይችልም፤ ሐምሌ ላይም መቆፈር አለበት። ሐምሌ ላይ ግን ትምህርት ቤት ዝግ ነው» ብሎ ጻፈ።

ተጠሪዋ ይህንን መልስ ሳሳያቸው ሳቁና «ታዲያ ክፈትላቸዋ» አሉ። ከትምህርት ቤቱ አቅራቢያ የሚኖሩ ልጆች በሐምሌና በነሐሴ ጠዋት ጠዋት መጥተው በሁለት ቦታ፣ በገረጋንቲው ሜዳና ቦዩ አጠገብ በቀረችው ጥቁር አፈር ላይ፣ እንዲቆፍሩ የፈቃድ ደብዳቤ ለርዕሰ መምህሩ አስገብቻለሁ። አባባ በሩን ለመክፈት ተስማምተዋል። አዲሱ ሠንጠረዥ ከትሉ ቁጥር በፊት ሦስት ረድፎች አሉት፤ የአፈሩ ዓይነት፣ የጉድጓዱ ጥልቀት፣ መጨረሻ የዘነበበት ቀን። የወላጆችን የስምምነት ፊርማ እያሰባሰብኩ ነው፤ አብዛኞቹ የሚጠይቁኝ ልጃቸው ቦቲ ጫማ ያስፈልገው እንደሆነ ነው። መረሬ ላይ በክረምት ያለ ቦቲ አይኬድም፤ ለሌላቸው ልጆች ከየት እንደምናገኝ እየተነጋገርን ነው።